ታድለህ ባዮች

«ኮምፒውተሬ አልነሳ አለ» ብዬ ለሰው መናገር ከተውኩ ቆየሁ። መልሱን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ትናንት ግን አንድ ከተማ የሚኖር ወዳጄ ደውሎ «የላክሁልህን ፋይል ለምን አላየኸውም?» ሲለኝ አመለጠኝ። ቻርጀሩን አይጥ እንደበላው፣ ባትሪው ባዶውን እንዳደረ፣ ኔትወርኩ ደግሞ ሰሞኑን መጣሁ ሄድኩ እያለ እንደሚጫወትብኝ አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ። ያዘነልኝ መስሎኝ ነበር። በረጅሙ ተነፈሰና «አንተ ግን ታድለህ!» አለኝ። «ንጹህ አየር፣ የወፍ ዜማ፣ ጸጥታ! እኛ እዚህ ጭስ ስንውጥ…»

ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው «ታድለህ፣ ብርድ አይነካህም» የሚለው የለም። የገጠር ሰው መከራ ግን ሁሉም በአየር ይካሳል። ራውተሩን መብረቅ መታው? አየሩ አለ። ኪቦርዱ ውስጥ ጉንዳን ሰፈረ? አየሩ አለ። በንጹህ አየር ላፕቶፕ ቻርጅ የሚያደርግ መሣሪያ የተፈለሰፈ ዕለት እኔን የሚያህል ሀብታም አይኖርም።

ጸጥታ የሚሉትን ነገር ከየት እንዳመጡት ደግሞ አይገባኝም። ገጠርን ያዩት በፎቶ ሳይሆን አይቀርም፤ ፎቶ ድምፅ የለውም። ጎህ ሳይቀድ ወፎቹ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጡታል፤ ረፋድ ላይ ጦጣዎቹ እዚያው ቆርቆሮ ላይ ሩጫ ይወዳደራሉ፤ ሲመሽ እንቁራሪት ይረከባል፤ ከእንቁራሪት ጅብ፣ ከጅብ መቻል። መቻል ውሻዬ ነው፤ ስለ እሱ ሳልናገር ወደ ቻርጀሩ መሻገር አይሆንልኝም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ከተረቶቻችን አንዱን ብቻ ይዘህ ኑር ብባል እሱን ነው የምይዘው። መቻል ደግሞ በየሌሊቱ በተግባር ያሳየኛል። ጅቡ አጥሩን እያሸተተ ሲዞር፣ በሩ ስር ሲያጉረመርም፣ መቻል ትንፍሽ አይልም። ጅቡ ሸለቆውን ተሻግሮ ድምፁ ሲርቅ ግን ከተኛበት ይነሳል፣ ይንጠራራል፣ ደረቱን ይነፋል፣ ከዚያ እስኪነጋ ማን ያስቆመው! ሰው ይስቅበታል። እኔ ግን ተረቱን እየወደድኩት በውሻ ላይ የተፈጸመ ግፍ ነው ባይ ነኝ። ያደገ ጅብ ከ50 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ መንጋጋው የቀንድ ከብት አጥንት ይፈጫል። ውሻው ጅቡ ሳይሄድ ቢጮህ ኖሮ የሚተረትበት ውሻ ራሱ አይተርፍም ነበር። ከሰው ጋር ቢያንስ 15,000 ዓመት የኖረ እንስሳ መቼ መጮህ እንደሚያዋጣ አይጠፋውም።

ተረቱ ልክክ የሚለው በአንቲቫይረስ ላይ ነው። ከሰው የተዋስኩትን ፍላሽ ስሰካ ዝም። ቫይረሱ ገብቶ፣ ተዘዋውሮ፣ ፎልደሮቼን አንድ ሳያስቀር ሾርትከት አድርጓቸው ሲያበቃ፣ ከስክሪኑ ጥግ ቀይ ሳጥን ብቅ ይላል፦ ስጋት ተገኝቷል። እንኳን ደስ ያለህ! «አፕዴት ስላላደረግኸው ነው» ይሉኛል። አፕዴቱ የሚወርደው በኔትወርክ ነው፤ ኔትወርኩ እንዴት እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። መቻልን ማንም አፕዴት አላደረገው፣ እሱም ሥራውን ከዚህ በባሰ አይሠራም።

መቻል ሰዓቱን ሳይጠብቅ የሚጮኸው በአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ኦንላይን ስብሰባ ላይ ስቀመጥ። ስንት ቀን የናፈቅሁት ኔትወርክ መጥቶ፣ ተራዬ ደርሶ፣ «እንደምታዩት…» ስል ከጠረጴዛው ስር ይጀምራል። አንዱ «እባካችሁ የውሻ ድምፅ ያለበት ሰው ማይኩን ይዝጋ» ይላል። እዘጋለሁ። ይህን ጊዜ ሌላዋ ጣልቃ ትገባለች፦ «ውይ፣ ውሻ አለህ እንዴ? ታድለህ!» ከዚያ ስለ ውሻ ይወራል፤ ዓይነቱ ምንድን ነው፣ ካሜራው ላይ አምጣውና እንየው። መቻልን አይተው ሳይጠግቡ ኔትወርኩ ይሄዳል። የእኔን ሪፖርት ያየ የለም፤ መቻልን ግን ሁሉም በስሙ ያውቀዋል።

በኋላ ነገሩን ሳጠና ውሻው አልተሳሳተም። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል፤ የውሻ እስከ 45,000 ገደማ። ቻርጀሩ ሲሠራ ደግሞ እኛ የማንሰማው ቀጭን ሲርታ ሊያወጣ ይችላል፤ ይልቁንም ያረጀ ከሆነ። እኔ «ምን ሆንህ፣ ምንም የለም!» እያልኩ ስጮህበት፣ ጆሮው ውስጥ መርፌ እየገባ ይሆናል። ስለዚህ አይጥዋ ቻርጀሩን ስትበላው ለምን እንዳልጮኸ አሁን ገብቶኛል። ውለታ ነው የዋለችለት።

አይጥዋንም ቢሆን «ጠላት» ብዬ አልፈርድባትም። የፊት ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ ጠንካራ ነገር እየቆረጠመች ካልሞረደችው መብላት እስኪያቅታት ይረዝማል። የሚያናድደኝ ምርጫዋ ነው። በዙሪያዋ ይህ ሁሉ እንጨት፣ ይህ ሁሉ ግንድ፣ ይህ ሁሉ ሥር እያለ ከቤቱ ውስጥ ካለው ሽቦ ሁሉ መርጣ ሌላ የማይገኝለትን! ያረጀው የሬዲዮ ገመድ እዚያው አጠገቡ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አልነካችውም።

ኤሌክትሪክና እንስሳ ሲገናኙ የሚሆነውን ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም የማውቀው። እ.ኤ.አ. በ2016፣ በሰኔ ወር፣ ኬንያ ውስጥ ጊታሩ በሚባለው የውሃ ኃይል ማመንጫ አንዲት ጦጣ ጣሪያ ላይ ወጣች፤ ከጣሪያው ትራንስፎርመር ላይ ወደቀች፤ ትራንስፎርመሩ ሲቆም ሌሎቹ ማሽኖች ጭነቱን መሸከም አቅቷቸው ተከታትለው ቆሙ፤ 180 ሜጋ ዋት ጠፋና መላ አገሪቱ መብራት አጣች። ጦጣዋ ተርፋለች። በዚያን ዕለት ናይሮቢ ውስጥ መብራት የጠፋበትን ሰው «ታድለህ፣ ዛሬ ኮከብ ታያለህ» ያለው ያለ አይመስለኝም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ደግሞ ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ድንበር ላይ፣ ከመሬት በታች 27 ኪሎ ሜትር የሚዞረው፣ የአቶም ቅንጣት የሚያጋጨው የሳይንቲስቶች ግዙፍ መሣሪያ ቀጥ አለ። ድመት የምታክል አውሬ ከፍተኛ ኃይል ያለውን ትራንስፎርመር ነክታ ነው። እሷ አልተረፈችም። የዩኒቨርስን ምስጢር ሊፈቱ የተቀመጡ ሊቃውንት ወደ ሽቦ ጥገና ዞሩ። ዜናውን ያነበብኩ ዕለት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጉልበቴ በረታ።

ጉዳዩ የቆየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ 2 የሚባለው ኮምፒውተር እምቢ ሲላቸው ከፍተው ቢያዩት፣ ማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ የእሳት ራት ገብታ ሞታለች። ሬሳዋን በፕላስተር መዝገብ ላይ ለጠፉት፤ ያ መዝገብ ዛሬም ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። እኔ ከፕሪንተሬ ሆድ የደረቀች እንሽላሊት ሳወጣ ግን ያከበረኝ አልነበረም። ወረቀቱ ለምን በጅራት ቅርጽ ተሰንጥቆ እንደሚወጣ ስልክ ደውዬ የጠየቅሁት ልጅ «ጋሼ፣ አጥፍተው ያብሩት» አለኝ። እንሽላሊቷን አጥፍቼ ላብራት?

ወፎቹንም አልረሳሁም፤ የወፍ ዜማ ተብሏልና። እ.ኤ.አ. በ2009 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በኢንተርኔቱ የተማረሩ ሰዎች ዊንስተን የሚባል ርግብ እግር ላይ 4 ጊጋባይት የያዘ ካርድ አስረው ወደ 80 ኪሎ ሜትር አበረሩት። ከአንድ ሰዓት ጥቂት ባለፈ ጊዜ ደረሰ። ካርዱ ላይ ያለው ተገልብጦ ሲያልቅ፣ በመስመሩ የተላከው ገና 4 በመቶ ላይ ነበር። እኔም ርግቦች አሉኝ። ጭልፊትም አለ፤ በእኛ ሰማይ ላይ መረጃ የሚጠፋው በእሱ ነው።

«ጋሼ፣ አጥፍተው ያብሩት» ስል አንድ ሌላ ኮምፒውተር ጠጋኝ ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ። ዓመታት አልፈዋል፤ ይቅር አላልኩትም፣ የማለት ሐሳብም የለኝም። ኮምፒውተሩ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቆማል፤ ሌላ በሽታ የለበትም። መኪና ከመኪና እየቀያየርኩ፣ ጉልበቴ ላይ አቅፌ ወሰድኩለት። «ጋሼ፣ አዲስ አድርጌልዎታለሁ» ብሎ መለሰልኝ። አልዋሸም፤ ውስጡ ንጹህ ባዶ ነው። የጻፍኩት ሁሉ፣ ፎቶው ሁሉ፣ አባቴ ከመሞቱ በፊት የቀዳሁት ድምፁ፣ የለም። «ፎርማት አድርጌው ነው። ባክአፕ አልነበርዎትም እንዴ?» አለኝ። ውሻ የሚጮኸው ይኼኔ ነው! ይህንኑ ጥያቄ ከፎርማቱ በፊት ቢጠይቀኝ ምላሱ ይቆረጥ ነበር?

ዊንዶውስ አልነሳም አለ ማለት ፋይል ጠፋ ማለት አይደለም። ሌላ ሲስተም በተጫነበት ፍላሽ አስነስቶ መገልበጥ ይቻላል፤ ወይ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ማንበብ። ከዚያም አልፎ፣ በዚያ ዘመን ሃርድ ዲስክ ላይ ችኩል ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን ነው፤ ፋይሎቹ አዲስ ነገር እስኪጻፍባቸው እዚያው ይቆያሉ፣ በብልሃት ብዙዎቹን ማትረፍ ይቻላል። ይህን ያነበብኩት ቆይቼ ነው፤ እሱ ግን እንጀራው ነው፣ ማወቅ ነበረበት። እና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «ደግሞ ገጠር ሲደብርዎት ያያሉ ብዬ ፊልም ሞልቼልዎታለሁ፣ በነጻ ነው» አለኝ። በነጻ! በአባቴ ድምፅ ላይ የካራቴ ፊልም ጻፈበት። ሂሳቡን ከፍዬ፣ አመስግኜው ወጣሁ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ምስጋናው ነው።

አንዱ ታድለህ ይለኛል፣ አንዱ ደብሮሃል ብሎ ያዝንልኛል። ሁለቱም ስለ እኔ ያውቃሉ፤ ኮምፒውተሩ ምን እንደሆነ የጠየቀኝ ግን የለም። አሁን አሁንማ ከሁለቱ ይልቅ ጉንዳኖቹ ይሻሉኛል። ኪቦርዱ ውስጥ ገብተው፣ ኤንተር የሚለውን ቁልፍ ስር ይዘው፣ ስለ አየሩ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሥራቸውን ይሠራሉ።

ምን ላይ ነበርኩ? ወዳጄ። ፋይሉን እንዳላየሁለት ረስቶታል፤ እኔም አላስታወስኩትም። ስልኩን ሊዘጋ ሲል «ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ እስቲ፣ ዓይኔን ላሳርፈው» አለኝ። ሰሞኑን ፎቶ የሚያልፍበት ኔትወርክ ያለው ኮረብታው አናት ላይ ብቻ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ኮረብታው የጅቦቹ ነው። መቻልን «እንሂድ?» አልኩት፤ ከጠረጴዛው ስር አልወጣም። ለወዳጄ ከኢንተርኔት ላይ አንድ የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ ፈልጎ እንዲያወርድ ነገርኩት። እሱ ጋ በደቂቃ ይወርዳል።