የጠፋውን ቪዲዮ ማን ይቆጥረዋል?

ለፖሊስ ደረት ላይ የሚለጠፍ ካሜራ ይመጣል የሚለው ወሬ ደሴም ደርሷል። ሰሞኑን እዚሁ በተደረገ አንድ የፀጥታ ውይይት ላይ አንድ ጠበቃ ተነስቶ ጠየቀ። ቀረጻው በሕጉ መሠረት መያዙን፣ መታየቱንና መሰረዙን የሚያጣራ ገለልተኛ ኦዲተር ይኖራል ወይ? ጥያቄው ይኸው ነበር።

መልሱን የሰጡትን ኃላፊ ስም አልጠራም። ፈገግ ብለው ካሜራ አይዋሽም አሉ። ከውጭ ኦዲተር መጥራት ፖሊስን አለማመን ነው፣ የአባላቱን ሞራልም ይነካል አሉ። የሚታይ ነገር ካለ እኛው እናየዋለን ብለው በወሎኛ “አብሽሩ” ሲሉ ዘጉት። አዳራሹ ሳቀ፤ ሰዉም ወደ ሻይ ዕረፍት ወጣ።

የእኔ ልብ ግን አላረፈም።

ካሜራ አይዋሽም። እሺ፣ እንቀበል። ግን ካሜራ ይጠፋል። ባትሪው ያልቃል። ጃኬት ይሸፍነዋል። ወደ ግድግዳ ይዞራል። የሚያበራውም የሚያጠፋውም ሰው ነው፤ ያውም ሥራው እንዲታይ የተፈለገው ያው ሰው። በ2009 ዓ.ም. አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ የሆነውን ኃላፊው ሰምተው እንደሆነ አላውቅም። አንድ ፖሊስ ቆሻሻ በሞላበት ጓሮ ውስጥ ዕፅ ደበቀ። ወደ መንገዱ ወጣ። ካሜራውን አበራ። ተመልሶ ገባና “ፈልጎ አገኘ”። ያጋለጠው ምን መሰላችሁ? ካሜራው ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ያሉትን 30 ሰከንዶች ያለ ድምፅ እንደሚያስቀር ዘንግቶ ነበር። ማስረጃ በመፈብረክ ጥፋተኛ ተባለ። ያቺ 30 ሰከንድ ባትኖር ኖሮ ቪዲዮው ምንም የማይወጣለት ማስረጃ ይሆን ነበር። የማይዋሽ ካሜራ የዋሸ ሰውን ሥራ በጥራት ቀርጾ ያቀርባል ማለት ነው።

የሚኒያፖሊሱ ደግሞ ይብሳል። ግንቦት 2012 ጆርጅ ፍሎይድ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በፖሊስ ጉልበት ስር ሲሞት ፖሊሶቹ ካሜራ ለብሰው ነበር። የፖሊስ መምሪያው የመጀመሪያ መግለጫ ግን ስለ ጤና እክል ነበር የሚያወራው። አንገቱ ላይ ስለተጫነው ጉልበት አንዲት ቃል የለችውም። ካሜራዎቹ በርተው እንደነበር ግን ጽፏል! ዓለም እውነቱን ያየው በዚያ ስታልፍ በነበረች የ17 ዓመት ልጅ ስልክ ነው። እንግዲህ ካሜራው አልዋሸም። ካሜራው ያለበት ቤት ነው የፈለገውን የጻፈው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ሰዉ ኦዲት ሲባል ቁጭ ብሎ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ይመስለዋል። ኃላፊውም “እኛው እናየዋለን” ሲሉ ይህንኑ ያሰቡ ይመስለኛል። ኦዲተር ግን መጀመሪያ የሚያየው ቪዲዮ አይደለም፤ ወረቀት ነው። የጣቢያውን የዕለት ሁኔታ መዝገብ ይከፍታል። የእስረኞችን መዝገብ ያስመጣል። የተረኞችን ዝርዝር ያስመጣል። ከዚያ ቀረጻው ከሚከማችበት ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ፣ ካለው የቀረጻ ዝርዝር ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል።

ምሳሌ ላምጣ። መዝገቡ ሰኞ ገበያ አካባቢ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሦስት ሰዎች ተያዙ ይላል እንበል። የተረኛ ዝርዝሩ ደግሞ ቦታው ላይ ካሜራ የለበሱ ሁለት ፖሊሶች ነበሩ ይላል። የሁለቱ ቀረጻ የት አለ? የአንዱ አለ፣ የሌላው የለም። ያለውም ሰዎቹ ከተያዙ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሄዶ ይቆማል። ተመልሶ የሚበራው ጣቢያው በር ላይ ነው። አንደኛው ተጠርጣሪ ከንፈሩ አብጧል። መንገድ ላይ ምን ሆነ? ቪዲዮውን ሺህ ጊዜ ብታዩት አይነግራችሁም፤ የሆነው ነገር ቪዲዮው ውስጥ የለማ! የኦዲተር ሥራ እዚህች ክፍተት ውስጥ ነው ያለው። ያለውን ቪዲዮ ማንም ያያል። የጠፋውን የሚቆጥረው ግን ሌላ ሰው መሆን አለበት።

ክፍተት ብቻም አይደለም። እነዚህ ካሜራዎች ሥራ ላይ የሚውሉበትን ሥርዓት ጠጋ ብሎ ላየ ሰው አንድ ተንኮል አለ። ፖሊሱ ከሥራ ሲመለስ ቀረጻውን ይመድበዋል። ይህ የወንጀል ማስረጃ ነው፣ ይህ ትራፊክ ነው፣ ይህ ተራ ነገር ነው ይላል። ቀረጻው ስንት ቀን እንደሚቀመጥ የሚወስነው ያ ምድብ ነው። ድብደባው “ተራ ነገር” ተብሎ ከተመደበ ቀኑ ሲደርስ ሲስተሙ ራሱ ያጠፋዋል። ሰርዝ የሚለውን ቁልፍ የነካ ሰው የለም! ማንንም ብትጠይቁ ይምልላችኋል፤ መሐላውም እውነት ነው። ይህን የሚያወጣው ምድቡን ከእስረኛ መዝገቡና ከጤና ጣቢያ ወረቀቱ ጋር ያስተያየ ሰው ብቻ ነው።

የሐረጎን ቁልቁለት የሚመላለስ የአይሱዙ ሹፌር ደግሞ ከሁላችን ቀድሞ ይገባዋል። መንጃ ፈቃድ ውስጥ ታጥፎ ስለሚሰጠው ብር ልነግረው አያስፈልግም። ካሜራ ያደረገ ትራፊክ ያን ብር ሲቀበል ተቀርጾ ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ ካለ የዋህ ነው። ካሜራው ለሁለት ደቂቃ “ይበላሻል”፣ ከዚያ “ይስተካከላል”። አንድ ቀን ቢሆን አጋጣሚ ነው። የአንድ ሰው ካሜራ ወሩን ሙሉ መንጃ ፈቃድ ሲመዘዝ የሚበላሽ ከሆነ ግን በሽታው የካሜራው አይደለም። ይህ የሚታየው የበራበትንና የጠፋበትን ሰዓት የሚመዘግበውን ሎግ በጅምላ ለሚያነብ ነው። ሎጉ ማን ቀረጻውን እንደከፈተ፣ ማን ኮፒ እንዳደረገ፣ ማን ቆርጦ እንዳወጣ ሁሉ ይናገራል። ለፋይሉም ገና ሲገባ የዲጂታል አሻራ ይወጣለታል፤ አንዲት ሰከንድ ብትቆረጥ አሻራው ይለወጣል። ቴክኖሎጂው አለ። የጎደለው ገልጦ የሚያይ፣ ያውም የማያፍርና የማይፈራ ዓይን ነው።

የራሳቸው ጓደኛ ይህን ይገልጣል? አንድ ጣቢያ አብሮ የሚያድር፣ አንድ ማዕድ የሚቆርስ፣ ነገ አለቃው ሊሆን የሚችለውን ሰው ሎግ አንብቦ “እዚህ ጋ አጥፍተሃል” ይላል? ኧረ ተዉን!

ሕገ መንግሥቱም እዚህ ላይ አያድነንም። አንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት መብት ይሰጠዋል። የቀረበበትን! ያልቀረበውንስ? የሚያድነው ቪዲዮ ሰርቨሩ ውስጥ እንዳለ፣ ወይም እንደነበረ፣ በምን ያውቃል? መኖሩን ያላወቁትን ነገር ዳኛ ያስቀርብልኝ አይሉም። በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት የለውም። መልካም። ግን ቃሉ ሲሰጥ ብቻ የበራ ካሜራ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ሰዓት የዘለለ ካሜራ፣ ለአስገዳጁ ከዚህ የበለጠ ምን ያድርግለት? እንዲህ ያለ ቀረጻ ካሜራ ባልነበረበት ዘመን ከነበረው ወረቀት የከፋ ነው እላለሁ። በወረቀቱ ላይ ጠበቃ ይከራከር ነበር፤ በቪዲዮ ላይ ግን ዳኛውም “አየሁት እኮ” ይላል።

አለማመን ነው ስለተባለው ደግሞ። ወሎ ውስጥ ሆኖ ይህን መናገር በጣም ይገርማል። እዚህ ቅሬ፣ ሌላው ዕድር የሚለው፣ የሌለው ሰው ማን ነው? የቅሬው ገንዘብ ያዥ ሐጂም ይሁኑ መሪጌታ፣ ሂሳቡ በሌላ ሰው ይታያል። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ብርጭቆውም ይቆጠራል። ተጠረጠርኩ ብሎ ያኮረፈ ገንዘብ ያዥ አላየሁም። እንዲያውም አትቁጠሩብኝ ያለ ቀን ነው ሰዉ የሚጠረጥረው። ለመቃብር መዋጮ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ፣ የሰው ነፃነት የሚወሰንበትን ፋይል “እኛው እናየዋለን” ሲባል እንዲያጨበጭብ ነው የተፈለገው።

ገንዘብ የለም የሚሉም አሉ። ለካሜራው ገንዘብ ካለ ለቁጥጥሩም ይኑር። ከሌለ ካሜራውም ይቅር። እዚህ ላይ ብዙ ማለት አልፈልግም።

ሌላው ያልተነሳው ነገር ቤታችን ነው። ፖሊስ ሌሊት በር አንኳኩቶ ሲገባ ካሜራውም አብሮ ይገባል። ሻሿን ሳታደርግ ከመኝታ የተነሳች እናት ትቀረጻለች። ከተጠርጣሪው ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ልጆች ይቀረጻሉ። ያ ቪዲዮ ከዚያ የት ይሄዳል? እንግሊዝ ውስጥ፣ ስንት ደንብና ተቆጣጣሪ ባለበት አገር፣ ቢቢሲ በ2016 መስከረም ላይ ከ150 በላይ የካሜራ አላግባብ አጠቃቀም ሪፖርቶችን አውጥቷል። ፖሊሶች ቀረጻ በዋትሳፕ ተቀባብለዋል። የራቁት ሰው ምስል በኢሜይል ተልኳል። እኛ ዘንድ ደግሞ የተጠርጣሪ ፎቶ በፖሊስ ፌስቡክ ገጽ ላይ ፍርድ ሳይሰጥ ሲለጠፍ አይተን የለመድን ሰዎች ነን። ያም ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት በተጻፈበት አገር። ደረት ላይ የተለጠፈው ካሜራ ቴሌግራም ላይ እንዳይደርስ የሚያግደው ምንድን ነው? የኃላፊው አብሽሩ?

ሕግ የለም አይባልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። ገደብ ሲጣል በዝርዝር ሕግ ይሁን ይላል። የደረት ካሜራን የሚመለከተው ዝርዝር የቱ ነው? ስንት ቀን ይቀመጣል? ቤት ውስጥ መቼ ይጠፋል? የተቀረጸው ሰው ማየት ይችላል? ከመድረኩ አንዱም አልተመለሰም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው። ሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑ በ2012 በተሻሻለው አዋጁ ማሰሪያ ቦታዎችን ሳያሳውቅ ገብቶ ማየት ይችላል። እስር ቤቱን ሳያስፈቅድ የሚያይ ተቋም ሰርቨሩን ለማየት ለምን ይለመናል? ባለስልጣኑና ኮሚሽኑ ባለሙያ ያዋጡ፣ አንድ የቴክኒክ ሰውና አንድ የሕግ ሰው ይላኩ። ከፖሊስ ደሞዝ የማይበላ ይሁን እንጂ ሰይጣንም ቢሆን ግድ የለኝም።

ይህ ደግሞ የእኔ ሕልም አይደለም። ሚኒያፖሊስ ያለችባት፣ የስንቱ ዘመድ የሚኖርባት ሚኒሶታ ግዛት በ2008 ያወጣችው ሕግ አላት። የፖሊስ ካሜራ ያለው መምሪያ በየሁለት ዓመቱ በገለልተኛ አካል ኦዲት ይደረጋል። መረጃው በትክክል መመደቡ፣ ለምን እንደዋለ፣ በሕጉ መሠረት መጥፋቱ ይጣራል። ተራው ቀረጻ እንኳ ቢያንስ 90 ቀን ይቀመጣል። የኦዲቱ ውጤት ለሕዝብ ክፍት ነው። ታዲያ ፍሎይድ የሞተው እዚያው አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። አዎ፣ እዚያው ነው። ኦዲት ጉልበትን ከአንገት ላይ አያነሳም። ግን የፖሊሶቹ ቀረጻ ሳይጠፋ ቆይቶ በ2013 ችሎት ላይ ታየ፤ የመጀመሪያው መግለጫም መሳቂያ ሆነ። ካሜራ ብቻውን ጠባይ አያርምም የሚሉትም አልተሳሳቱም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከ2,000 በላይ ፖሊሶች ላይ የተሠራው ጥናት ካሜራ በለበሱትና ባልለበሱት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። እና? ካሜራው ብቻውን ካልሠራ የሚያሠራውን ነገር መጨመር ነው እንጂ “በቃን” ማለት ምን ይባላል?

አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ። በሐሰት የሚከሰስ ፖሊስ አለ። ተመትቶ ተመታሁ ያላለ፣ ተሰድቦ የታገሠ ሳጅን አለ። ካሜራው ለእሱም ይጠቅመዋል። ግን እሱም ቢሆን ማንም ሊቆርጠው የሚችል ቪዲዮ ይዞ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ማን ያምነዋል? ሞራሉ የሚነካው ያን ጊዜ ነው።

ቀረጻው የሚቀመጥበት ቀን ነገርም እዚህ ከየትም በላይ ያስጨንቀኛል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ለወራት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር የቆየ ክልል ነው። ሰው ሲያዝ ቤተሰብ የት እንዳለ እስኪያገኝ ሳምንታት ያልፋሉ። ከኮምቦልቻ ጠፍቶ ሌላ ቦታ የሚገኝ አለ። ተፈትቶ ጠበቃ ለማናገር ድፍረት እስኪያገኝ ደግሞ ሌላ ወር። እንግሊዞች ለማስረጃነት የማይፈለገውን ቀረጻ በ31 ቀን ያጠፉታል፤ እዚያ ሰው በማግስቱ አቤት ማለት ይችላል። እኛ ያንን ቀን ቀድተን ካመጣን አቤቱታው ሲጻፍ ቪዲዮው የለም። መብራትና ኔትወርክ ሲጨመርበት አስቡት። “ኔትወርክ ስለሌለ አልገባም” የሚለው መልስ ከአሁኑ ይሰማኛል። ስለዚህ ከ180 ቀን ያነሰ ነገር አልቀበልም። ካልገባም ለምን እንዳልገባ በዚያው ቀን በጽሑፍ ይመዝገብ፣ የመዘገበውም ይፈርም።

ኃላፊው ካሜራው ከመገዛቱ በፊት ደንቡን በጽሑፍ ያውጡት። ማን ያጠፋል፣ ማን ያያል፣ ስንት ቀን፣ ኦዲተሩ ማን ነው፣ ውጤቱ የት ይለጠፋል። ረቂቁንም ያን ጥያቄ ለጠየቀው ጠበቃ ይላኩለት። ደሴ ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ ፍርድ ቤቱ አጥር ስር ዴስክ ይዘው ማመልከቻ የሚጽፉትን ቢጠይቁ ቢሮውን ያሳዩዋቸዋል።