በሜዳ ላይ ብቻ ጮክ ተብሎ የሚጠራ ስም

ባሕር ዳር ውስጥ በግል ኮሌጅ የሚማር ወጣት፣ በባጃጅ ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት ከዘመድ ጎን ተቀምጦ «የት ነው የምትማረው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ የኮሌጁን ስም ሳይጠራ ያልፋል። «እዚሁ ነው» ይላል፤ ወይም «አካውንቲንግ» ብሎ የትምህርት ክፍሉን በማስቀደም ጥያቄውን ያስቀይሳል። ጠያቂውም ነገሩ ስለሚገባው አይገፋበትም። የግል ኮሌጅ ለብዙ ቤተሰብ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ያልመጣለት ልጅ መጠጊያ ሆኖ ሲታይ የኖረ ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. በመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሮች በስፋት መሰጠት የጀመረው የመውጫ ፈተና የግል ተቋማትን ውጤት ከመንግሥቶቹ በእጅጉ ዝቅ አድርጎ ማሳየቱ ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነበት።

ያንን የማይጠራ ስም ሁለት መቶ የሚጠጉ ተማሪዎች በአንድ ድምፅ ሲጠሩት የሰማሁት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የጎረቤታችን ልጅ «ጋሼ፣ ዛሬ ጨዋታ አለን፣ ይምጡና ይዩን» ብላኝ በሄድኩበት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ዳር ነው። ልጅቷ የነርሲንግ ተማሪ ስትሆን የኮሌጇ የሴቶች ቡድን አምበል ናት። ከእነሱ ጨዋታ ቀጥሎ የወንዶቹ ነበር። አንድ ቢጫ ጀሪካን እንደ ከበሮ ይመታል፤ ግጥሙን የሚያወርድ ልጅ በድንጋይ አጥር ላይ ቆሟል፤ የቀረው ይቀበለዋል። በየስንኙ መጨረሻ የሚመጣው የኮሌጁ ስም ነው።

ሜዳው የኮሌጁ አይደለም። ኮሌጁ የሚያስተምረው ከሥሩ ካፌና የሞባይል መጠገኛ ባለበት ሕንፃ ላይ ሁለት ፎቅ ተከራይቶ በመሆኑ፣ ግቢ የሚባል ነገር የለውም፤ ቡድኖቹ የሚጫወቱት ከአንድ ትምህርት ቤት በልመና በተገኘ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነው። መስመሩ ደብዝዟል፤ ከቀለበቶቹ አንዱ ወደ ፊት ዘመም ብሏል፤ ነጥብ የሚመዘገብበት ከክፍል የወጣ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ነጥብ ጻፊዋም በአንድ እጇ ጠመኔ፣ በሌላው እርጥብ ጨርቅ ይዛ ቆማለች። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ ከሩቅ የሚወረወረውን ኳስ ስለሚያዛባባቸው፣ ልጆቹ ሦስት ነጥብ ከሚያስገኘው የ6.75 ሜትር መስመር ውጭ መሞከሩን እየተዉ እየሰነጠቁ ወደ ቀለበቱ ሥር መግባት ለምደዋል። አሰልጣኛቸው የራሱ ስልት እንደሆነ ነገረኝ፤ እኔ ግን ነፋሱ ያስተማራቸው ይመስለኛል።

ከሁሉም የገረመኝ መረቡ ነው። ያለ መረብ የተጫወተ ሁሉ የሚያውቀው ችግር አለ፤ ኳሱ በቀለበቱ ውስጥ ይለፍ ወይም በፊቱ ሽው ብሎ ይውደቅ፣ ከጎን ለቆመ ዐይን አይለይም፤ ስለዚህ ጨዋታው በየአምስት ደቂቃው ሙግት ይሆናል። ከወንዶቹ ተጫዋቾች የአንዱ አባት ጣና ላይ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ልጁ ያረጀ የአባቱን መረብ ቆርጦ፣ እጥፍ አድርጎ በሲባጎ እየቋጠረ ለሁለቱም ቀለበቶች መረብ ሠራላቸው። ጓደኞቹ «አምባዛ ሲይዝ የኖረ መረብ ኳስ ቢይዝ ምን ይገርማል» እያሉ ይቀልዱበታል። ከዚያ ወዲህ ኳሱ ሲገባ መረቡ ይንቀጠቀጣል፤ ሙግቱም ቀረ።

ሴቶቹ ያን ቀን በአራት ነጥብ ተሸነፉ። ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አምበሏ ሁለት ቅጣት ምት አግኝታ የመጀመሪያውን ሳተች፤ በዚያች ቅጽበት ከዳር ያለው ሁሉ ነርስነቷን በማሰብ «ሲስተር! ሲስተር!» እያለ ተነሣ፤ ሁለተኛውን አገባችው። ውጤቱን የሚለውጥ ነጥብ አልነበረም። ጩኸቱ ግን ዋንጫ የወሰዱ ያህል ነበር፤ ከሜዳ ሲወጡም ግጥሙ አልተቋረጠም። ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያነሣሣኝ፣ አጠገቤ የቆሙ አንድ የኮሌጁ መምህር ይህንን አይተው «ተሸንፈው ይጨፍራሉ፤ ምኑ ነው የሚያኮራቸው?» ማለታቸው ነው።

በእኔ እምነት መልሱ ያለው ኮሌጁ ትንሽ በመሆኑ ላይ ነው። አንድ የቅርጫት ኳስ ቡድን ለጨዋታ 12 ሰው ያስመዘግባል፤ የወንዶቹና የሴቶቹ ሲደመር 24 ይሆናል። አራት መቶ ተማሪ ባለው ኮሌጅ ይህ ማለት ከ17 ተማሪዎች አንዱ ተጫዋች ነው ማለት ስለሆነ፣ በየክፍሉ ሁለት ሦስት ተጫዋች አይታጣም። ዳር ቆሞ የሚጮኸው ልጅ ሜዳ ላይ ላለችው ትናንት ማስታወሻ ደብተር አውሷታል፤ ወይም አብረው ሺሮ ተካፍለው በልተዋል፤ ወይም ከእሷ ብር ተበድሮ አልመለሰም። በትልቁ ስታዲየማችን «የጣና ሞገዶቹ» የሚባሉትን የባሕር ዳር ከነማ ተጫዋቾች እደግፋለሁ፤ ሲያሸንፉም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከ50 ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ ተብሎ በተሠራ ስታዲየም ውስጥ ተጫዋቹን የማውቀው በማሊያው ቁጥር ነው፤ እሱም እኔን አያውቀኝም። የኮሌጁ ልጆች የሚያጨበጭቡት ግን ለሚያውቁት ሰው ነው፤ ማሊያው ላይ የተጻፈውም እነሱ ራሳቸው በባጃጅ ውስጥ ሊጠሩት የሚሸሹት ስም ነው። ያ ስም ስለ መግቢያ ነጥብና ስለ ፈተና ውጤት ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር የሚነሣበት ብቸኛ ቦታ ሜዳው ነው።

ጨዋታው ራሱም ሲወለድ የትንሽ ትምህርት ቤት ጨዋታ ነበር። ጄምስ ናይስሚዝ የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1891 አሜሪካ ውስጥ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ የእኛ ሰው «ወወክማ» (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ብሎ በሚያውቀው ማኅበር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት፣ በክረምቱ ብርድ ቤት ውስጥ የታፈኑ 18 ተማሪዎቹን የሚያንቀሳቅስበት ነገር አጥቶ፣ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በሰገነት ላይ አስቸነከረ፤ 13 ሕጎችም ጻፈ። ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆነው ተጫወቱ፤ ውጤቱ አንድ ለዜሮ ነበር፤ ቅርጫቱ ድፍን ስለነበረ ኳስ በገባ ቁጥር መሰላል ላይ ወጥቶ ማውረድ ያስፈልግ ነበር። ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ1892 ሴንዳ በረንሰን የተባለች መምህርት ጨዋታውን በአቅራቢያው ባለው የሴቶች ኮሌጅ፣ በስሚዝ፣ ጀመረችው፤ በሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎቿ ሲጋጠሙ ወንድ ተመልካች እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። እንግዲህ የሴቶቹ ቅርጫት ኳስ ከወንዶቹ የሚያንሰው በወራት ብቻ ነው። ይህን የምጠቅሰው፣ እኛ ዘንድ የሴቶቹ ጨዋታ ለወንዶቹ ማሟሟቂያ ተደርጎ፣ ፀሐይ አናት ላይ ባለችበት ሰዓት ስለሚመደብ ነው።

ከተማችንም የዚህ ዓይነት ታሪክ አላት። የሚኒባስ ረዳት «ፔዳ! ፔዳ!» እያለ ሲጣራ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ የመጣ መሆኑን የሚያስብ ተሳፋሪ ጥቂት ነው። «ፖሊ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ነው። ሁለቱ ተቋማት ተዋህደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ፣ በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳም ከተለወጠ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ተማሪ ያቆላመጠው አጭር ስም ግን የታክሲ መስመር ሆኖ ቀርቷል። የኮሌጅን ስም የሚያቆየው ተማሪው በምን ዓይነት አፍ እንደጠራው ነው እላለሁ፤ የዛሬዎቹ የኪራይ ፎቅ ኮሌጆች ባለቤቶችም ይህንን ቢያስቡበት ይጠቅማቸዋል።

ባለቤቶቹ ግን ኩራቱን የሚያስታውሱት በምዝገባ ሰሞን ነው። የዚሁ ኮሌጅ አስተዳደር የሁለቱን ቡድኖች ፎቶግራፍ በትልቅ ባነር አሳትሞ በሕንፃው ፊት ሰቅሏል። በባነሩ ላይ ልጆቹ አዲስ ማሊያ ለብሰው ፈገግ ብለዋል፤ ማሊያውን የገዙት ተማሪዎቹ በነፍስ ወከፍ ባዋጡት ብር መሆኑ አልተጻፈም። ለሁለቱ ቡድን ያለው ኳስ አንድ ነው፤ እሱም ቁጥር 7 ነው። ቁጥር 7 የወንዶች መጠን ነው፤ የሴቶቹ ቁጥር 6 አነስ ብሎ ክብደቱም ቀለል ያለ ነው። ሴቶቹ በወንዶቹ ኳስ ሲለማመዱ ከርመው ውድድር ላይ ቁጥር 6 ሲሰጣቸው፣ እጃቸው የለመደው ኃይል ኳሱን ከቀለበቱ ጀርባ ካለው ሰሌዳ አስበልጦ ይወረውረዋል። አምበሏ ይህን እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ኳሱ ይቅርና መጀመሪያ ትምህርቱን ይያዙ የሚሉ ወላጆችና መምህራን አሉ፤ የመውጫ ፈተናው 50 ከመቶ የሚጠይቅ በመሆኑ ሥጋታቸውን አልንቀውም። ልምምዱ ግን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ነው። ኳሱ ቢነጠቃቸው ያቺን ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ያነባሉ ብሎ የሚያስብ ሰው፣ የነዚህን ኮሌጆች ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ያየ አይመስለኝም። ሌላው ክርክር «ችግር ያጠነክራል» የሚለው ነው። የዚህ ክርክር ማስረጃ ሆና የምትጠቀሰው ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ናት፤ ቡድኗ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በለንደን የወዳጅነት ጨዋታ በአሜሪካ 101 ለ100 ብቻ ተሸንፎ፣ ወዲያው በፓሪስ ኦሎምፒክ ፖርቶ ሪኮን አሸንፏል፤ ይህም የሆነው በአገሪቱ ጣሪያ ያለው የመጫወቻ ሜዳ ሳይኖር ነው። እውነት ነው፤ ግን ከተጫዋቾቹ አብዛኞቹ ያደጉትና የሠለጠኑት በአውስትራሊያና በአሜሪካ መሆኑ አብሮ መነገር አለበት። የእኛ ልጆች ከዚሁ ሜዳ በቀር ሌላ የላቸውም።

የሚጠየቀውም ብዙ አይደለም። ሕንፃ ይሠራ፣ ሜዳ ይገዛ አልልም፤ 28 በ15 ሜትር የሆነ መሬት በባሕር ዳር ምን ያህል እንደሚያወጣ አውቃለሁ። ቁጥር 6 ኳስ ይገዛ። ከትምህርት ቤቱ ጋር የቃል ልመናው ቀርቶ የተወሰነ ቀንና ሰዓት የሚገልጽ የጽሑፍ ስምምነት ይደረግ፤ በተለዋጭም ሁለት ኮሌጆች ተባብረው ኪራዩን ይካፈሉ። የሴቶቹና የወንዶቹ ሰዓት በየሳምንቱ ይቀያየር። በጨዋታ ቀን ቢያንስ አንድ የአስተዳደር ሰው መጥቶ ዳር ይቁም፤ ያን ቅዳሜ ከመምህሩ በቀር ማንም አልነበረም፤ እሳቸውም ቢሆኑ የመጡት በመንገዳቸው ሲያልፉ ጩኸቱ ስቧቸው ነው።

የወንዶቹ ጨዋታ ሲያልቅ መሽቶ ነበር። ዘበኛው በሩን ሊዘጋ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ቆሟል። የዓሣ አጥማጁ ልጅ በጓደኛው ትከሻ ላይ ወጥቶ ከዘመመው ቀለበት ላይ የሲባጎውን ቋጠሮ አንድ በአንድ ይፈታል፤ አምበሏ ከታች ሆና የሚወርደውን መረብ እየተቀበለች ታጣጥፋለች። ለምን እዚያው እንደማይተዉት ስጠይቃት «ሜዳው የእኛ አይደለም፣ ጋሼ፤ መረቡ ግን የእኛ ነው» አለችኝና በደብተር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።