ተመራማሪዎቻችንን ከፎርማት ጣጣ እናውጣቸው

አንድ የደብረ ብርሃን ተመራማሪ ስለ መንዝ በግ እርባታ ጽፎ ለጆርናል ላከ እንበል። ከወራት በኋላ «አልተቀበልነውም» የሚል መልስ ይመጣል። ይህ ያለ ነገር ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ነው። የመጀመሪያው ጆርናል ዋቢዎችን በስምና በዓመት ነበር የሚፈልገው፤ ሁለተኛው በቁጥር ይላል። ሰውየው ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ በእጁ ይቀይራል። ኅዳጉን ሲያስተካክል ሥዕሉ ከቦታው ይሄዳል። ሥዕሉን ሲመልስ ሠንጠረዡ ይፈርሳል። ምርምሩ ላይ አንዲት ቃል ሳይጨመር ቀናት ያልፋሉ።

ይህን ሁሉ የሚያስቀር መሣሪያ አለ፤ ያውም በነጻ። ፓንዶክ ይባላል፤ ጽሑፍን ከአንድ የፋይል ዓይነት ወደ ሌላ የሚቀይር የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው የፍልስፍና መምህር ጆን ማክፋርሌን ሠርተው ያወጡት በ2006 እ.ኤ.አ. ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጽሑፉን በኖትፓድ እንኳን መጻፍ ይቻላል። ለርእስ ከፊቱ # ታደርጋላችሁ፤ ሰያፍ እንዲሆን የምትፈልጉትን ቃል በኮከብ ምልክት መሃል ታስገባላችሁ። ይህ አጻጻፍ ማርክዳውን ይባላል። ዋቢ ስትጠቅሱ አጭር መለያውን ብቻ ትጽፋላችሁ። የደራሲው ስም፣ ዓመቱና የቀረው መረጃ ዞተሮ በሚባል የዋቢ መሰብሰቢያ ፕሮግራም ተሰብስቦ ለብቻው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በአንድ ትእዛዝ ወርድ ወይም ፒዲኤፍ ይወጣል። ጆርናል ሲቀየር የምትቀይሩት የአጠቃቀስ ስልቱን ፋይል ነው፤ ዋቢዎቹ በሙሉ ራሳቸው ይስተካከላሉ። ከ10 ሺህ በላይ ስልቶች ተዘጋጅተው በነጻ ይገኛሉ።

«አማካሪዬ ከወርድ ውጪ አያነቡም» የሚል ተማሪ ይኖራል። ችግር የለውም፤ ወርዱን አውጥቶ ይስጣቸው። ያረሙትንና የሰጡትን አስተያየት ፓንዶክ መልሶ ያነበዋል። አንዴ ከተጫነ በኋላም ኢንተርኔት አይጠይቅም። የጽሑፉ ፋይል ትንሽ ስለሆነ ኔትወርክ በደከመበት ወረዳም በቴሌግራም ይላካል።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው። ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን አንድ ዓይነት አድርገው ከሚያውቁበት የጋራ ሥርዓት) በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ የጥናት ጽሑፎችን ዛሬ ለመክፈት የሞከረ ሰው ያውቀዋል። ፎንቱ ከሌለ አማርኛው የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዩኒኮድ የተቀመጠ ተራ ጽሑፍ ግን የአንድ ፎንት ወይም የአንድ ፕሮግራም ጥገኛ አይደለም። ስለ ጓሳ ሣርና ስለ ጭላዳ ዛሬ በአማርኛ የሚጻፍ ጥናት የዛሬ ሃያ ዓመትም መነበብ አለበት።

አስቸጋሪ ጎን የለውም አልልም። ክፍሎቹ የተዋሃዱ ውስብስብ ሠንጠረዥ ያደክማል። ለአማርኛ ፒዲኤፍ እንደ ዚላቴክ ያለ ዩኒኮድን የሚያውቅ የፒዲኤፍ ማውጫ ፕሮግራም መምረጥና እንደ አቢሲኒካ ያለ ፎንት ስሙን መጥቀስ ግድ ነው፤ አለዚያ ፊደሎቹ አይታዩም። ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮትም መጀመሪያ ያስፈራል። ቢሆንም ትንሽ ልምምድ ቢጠይቅ እንጂ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር የለውም።

ስለዚህ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲንና የከተማችንን የግብርና ምርምር ማዕከል የምለምነው አንድ ነገር ነው። የምርምር ዘዴ በሚሰጥበት ሥልጠና ሁሉ ይህ አጻጻፍ በተግባር ይሰጥ። በቤተ ሙከራው ኮምፒውተሮች ላይ ፓንዶክና ዞተሮ ይጫኑ። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን አንድ የወርድ አብነት ይዘጋጅ፤ ፓንዶክ መልኩን ከዚያ ይወስዳል። ተማሪዎች ደግሞ መመረቂያው እስኪደርስ ሳይጠብቁ ከመነሻ ሐሳባቸው ይጀምሩ፤ ገና ዋቢው ጥቂት፣ ገጹም አጭር ሳለ።