ኮርማ ሲገዙ ከኋላው ይቁሙ

አጎቴ አዳማ አካባቢ ከብት ያረባል። ትልቅ እርባታ አይደለም፤ ሃያ ምናምን ላም ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ከገበያ አንድ የቦረና ኮርማ ገዛ። ነጭ፣ ሻኛው ወደ ጎን እስኪያዘነብል የሞላ፣ ቆዳው የሚያበራ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየው። «ኮርማ ማለት እንዲህ ነው!» ያላለ የለም። እኔም ፎቶ አንስቼ ለዘመድ አዝማድ ልኬያለሁ።

በአምስተኛው ወር አጎቴ ደወለልኝ። ላሞቹ አልያዙም፤ በየሦስት ሳምንቱ እየተመለሱ ኮርማ ይፈልጋሉ። ሄጄ አየሁት። ኮርማው ላሟን ያሸትታል፣ ይነሳል፣ የፊት እግሩን ጣል ያደርግና ሳይጨርስ ተንሸራቶ ይወርዳል። አንዴ ደግሞ ይሞክራል። ከዚያ ይተወውና ጥላ ፈልጎ ይተኛል። የኋላ እግሮቹ ከላይ እስከ ታች እንደ ምሰሶ ቀጥ ያሉ ናቸው። ቋንጃው ላይ ያለው መገጣጠሚያ አብጧል። እብጠቱ በኋላ የመጣ ነው፤ የእግሩ መገተር ግን ስንገዛውም ነበረ። ያኔ ሁላችንም ዓይናችን ሻኛው ላይ ነበር።

ኮርማ ላም ላይ ሲወጣ ክብደቱ የሚያርፈው በኋላ እግሮቹ ላይ ነው። ትንሽ እጥፍ ያለ ቋንጃ እንደ መኪና ባሌስትራ ነው፣ ምቱን ይውጣል። ቀጥ ካለ የሚውጥለት ስለሌለ መገጣጠሚያው ይጎዳል። እንደ ማጭድ ከመጠን በላይ የታጠፈም አይሆንም። ሰውነቱ ወደ ተረከዙ ይጫንና የሰኮናው ጫፍ ሳይበላ እየረዘመ ይሄዳል።

ደላላ ኮርማን ቆሞ፣ ታስሮ፣ ከጎኑ ነው የሚያሳየን። ከጎን ደግሞ ሥጋ ያምራል። እኔ የምለው ገመዱን አስፈቱትና አስነዱት ነው። ደረቅና ለጥ ያለ መሬት ላይ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ይበቃል። የኋላ እግሩ የፊተኛው ዱካ ላይ ወይም እዚያው አጠገብ ሊያርፍ ይገባል። አጠር አጠር አድርጎ የሚረግጥ ከሆነ የሚያመው ነገር አለ። ከዚያ ከኋላው ቁሙ። ቋንጃዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው ይፋተጋሉ? የሰኮናው ሁለት ጣቶች እኩል ናቸው ወይስ እንደ መቀስ አንዱ አንዱ ላይ ወጥቷል?

የሰኮና ነገር ደግሞ ለልጅ ይተላለፋል። አንገስ የተባለውን የሥጋ ከብት ዝርያ የሚያረቡ አሜሪካውያን ማኅበር ለሰኮና ከ1 እስከ 9 ነጥብ የሚያሰጠው ለዚህ ነው። የሚገርመው፣ ምርጡ 9 አይደለም፤ 5 ነው። ወደ ላይም ወደ ታችም መራቅ ችግር ነው። አንድ ኮርማ በዓመት ሃያ ሠላሳ ላም ካጠቃ፣ ጠማማ ሰኮናው በጥቂት ዓመት ውስጥ በረቱን ሞላው ማለት ነው።

የቦረና ዝርያ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከሆዱ ሥር የሚንጠለጠለውን የብልቱን ሽፋን እዩ። በጣም ከወረደ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲሰማራ እሾህ ይቀደዋል፣ ያቆስለዋል። የዘር ፍሬውንም በሜትር ለኩት። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ከሁለት ዓመት በላይ ከሆነ ኮርማ ዙሪያውን ቢያንስ 34 ሳንቲ ሜትር ይጠብቃሉ። የእኛ ከብቶች ዘግይተው ስለሚደርሱ ቁጥሩን እንዳለ መገልበጥ አይገባም። ሜትሩን ከኪስ ማውጣት ግን ምን ይጎዳል? የልብስ ሰፊ ሜትር እኮ ነው።

ስብ ደግሞ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ለድለባ ሲቀለብ የከረመ ወይፈን ለዘር ተብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። እህል የበዛበት ከብት ሰኮናው ሊታመም ይችላል። ስቡ የዘር ፍሬው ከረጢት አንገት ላይ ከተጠራቀመም ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ የዘር ፍሬ ደግሞ ከተቀረው ሰውነት ቀዝቀዝ ማለት አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ከቦረና ቶሎ ያደገው፣ እግሩ የተስተካከለው ወይፈን መጀመሪያ መኪና ላይ ይጫናል። አዳማ ዙሪያ ካሉት ማደለቢያዎች ይገባና ሳይኮላሽ ወደ ግብፅና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሄዳል። ነጋዴውን አልወቅስም፣ ገበያው የሚከፍለው ለእሱ ነው። አርብቶ አደሩም ቢሆን ኮርማ መምረጥ ጠፍቶት አይደለም፤ ስለ እናቱ ሳይጠይቅ ኮርማ የማይዝ ስንት ሽማግሌ አለ! ግን ድርቅ ሲመጣ፣ የትምህርት ቤት ወጪ ሲመጣ፣ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ያው ምርጡ ወይፈን ነው። በረት የቀረው ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ጥጆች አባት ይሆናል። ለዘር የሚሆን ወይፈን በእግሩና በፍሬው ተመርምሮ ከሥጋው ዋጋ በላይ ካልተከፈለበት፣ ማን ብሎ ያስቀረዋል? በየወረዳው ያሉት የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በገበያ ቀን አንድ ጥግ ይዘው ይህን ቢሠሩ ብዙ ወጪ የለውም።

የአጎቴ ነጭ ኮርማ ለፋሲካ ቅርጫ ሆነ። ሥጋው መቼም ይጣፍጥ ነበር። በሚቀጥለው ወር ሌላ ልንገዛ አብረን ገበያ ወጣን። ደላላው አንድ ቀይ ኮርማ ይዞ «ጋሼ፣ ይሄን ትከሻ አይተውታል?» አለው። አጎቴ መልስ አልሰጠውም። ጋቢውን ሰብስቦ ከኋላው ቁጢጥ አለና «እስቲ ንዳው» አለ።

ደላላው ሳቀ። «ጋሼ፣ ጫማ ነው የሚገዙት?»