ማን ሞተብሽ?

ባለፈው ጥቅምት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የግጥም ምሽት ላይ ታድሜ ነበር። ስልሳ የማንሞላ ሐበሾችና ጥቂት ፈረንጆች ተቀምጠናል። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች አንዲት ገጣሚ ተነሣችና ስለ ገዛ ሕመሟ፣ ባለሙያዎች ድባቴ ስለሚሉት፣ አነበበች። ግጥሙ ፍቅር የለበትም፣ ናፍቆት የለበትም፣ አገር የለበትም። ነቅታ ከአልጋዋ መነሣት ያቃታት ሴት ብቻ ናት ያለችበት። መዝጊያውን በቃሌ ይዤዋለሁ፦

ማን ሞተብሽ አሉኝ፣ ማንም አልሞተብኝ፤
ጨለማው አይደለም፣ መንጋቱ ከበደኝ።

ፋርማሲስት ነኝ። ይህ ሕመም በብዙ ሰው ላይ ጠዋት ጠዋት እንደሚብስ፣ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ረገብ እንደሚል ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። በአማርኛ፣ ያውም በአንድ ስንኝ ሲባል የሰማሁት ግን ያን ዕለት ነው።

አዳራሹ ጭጭ አለ። ቀጥሎ የመጣው ጭብጨባ ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚናገረው የጠፋበትን ሰው ይመስል ነበር። አስተያየት መስጫው ሲደርስ መጀመሪያ የተነሡት አንድ ሽማግሌ ናቸው። «ሰሙ የልጅቷ አልጋ ነው፤ ወርቁ ግን እናት አገር ናት። መነሣት ያቃታት ኢትዮጵያ ናት!» አሉ። ለሳቸው የተጨበጨበው ለገጣሚዋ ከተጨበጨበው ይበልጥ ነበር። ገጣሚዋ ማይኩን ተቀብላ «አይ አባባ፣ አልጋው አልጋ ነው» ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ከኋላ አንዲት እናት «ልጄ፣ ማርያም ትማርሽ፤ ጠበል ሞክረሻል?» አሉ። ሌላዋ ደግሞ ስትወልድ እንደሚተዋት አረጋገጡላት።

ከፈረንጆቹ አንዲት መምህርት ነበረች። ግጥሙ የተተረጎመበት ወረቀት እጇ ላይ አለ። ገጣሚዋን ስለ ድፍረቷ አመሰገነችና ወደ እኛ ዞራ፣ የጭንቅ ሰዓት ሲመጣ 988 በሚባለው የአእምሮ ጭንቀትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ መርጃ መስመር ላይ መደወል ወይም የጽሑፍ መልእክት መላክ እንደሚቻል ነገረችን። ቁጥሩ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ይሠራል፤ እኔም ራሴ ለስንቱ ደንበኛ ጽፌ ሰጥቻለሁ። ያን ዕለት ግን ቁጥሩ ከተነገረ በኋላ ስለ ግጥሙ አንድም ቃል የተናገረ የለም። ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል የተመራ ያህል ሁላችንም ቀለል አለንና ወደ ሻይው ሄድን።

የኛን ሰው «ማን ሞተብሽ?» የሚል ጥያቄ ሳስበው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሐዘናችን ባለቤት ይፈልጋል። ሙሾ ሟች አለው። ወፍጮ ላይ የሚንጎራጎር እንጉርጉሮ ባል ወይም አማት አያጣም፤ ትዝታም ጥሎ የሄደ ወዳጅ አለው። ምክንያቱ የማይታወቅ ሐዘን ሲመጣብን የምናስቀምጥበት መደብ ስለሌለን ሟች እንፈልግለታለን፤ ሟች ሲጠፋ መንፈስ፣ መንፈስ ሲጠፋ መንግሥት። የሚገርመኝ ዳዊትን በየማለዳው የሚደግሙ አባቶች መሆናቸው ነው ይህን የሚጠይቁት። ነፍሴ ለምን ታዝኛለሽ፣ ለምንስ ታውኪኛለሽ እያለ ከራሱ ጋር የሚሟገተውን ሰው «ማን ሞተብህ?» ያለው አባት እስካሁን አላጋጠመኝም። ደግሞ የዳዊት የመጀመሪያ አድማጭ ማን እንደነበር እናስታውስ። ሳኦል ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ብላቴናው በገና ይደረድርለታል፣ ንጉሡም ያርፋል፤ በሌላ ቀን ያንኑ በገና እየሰማ ጦር ይወረውርበታል። ስለዚህ ዓይነት ሕመም የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ቢጠብቅ ይሻለዋል።

ፈረንጅ ከጥንት ጀምሮ በዚህ ነገር ግልጽ ነበር የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አልነበረም። አን ሴክስተን የምትባል የቦስተን አካባቢ ገጣሚ ነበረች፤ ግጥም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ታማ ሳለች፣ ሐኪሟ ዶክተር ማርቲን ኦርን እንድትጽፍ ስላበረታታት ነው። የግጥም መምህሯ ጆን ሆምስ በ1959 ስለ ሆስፒታሉና ስለ ሕመሟ የጻፈቻቸውን እንዳታሳትም መከራት። ይጸጽትሻል ማለቱ ነበር፤ የኛ ሰው «ገመናሽን አታውጪ» እንደሚለው። እሷ መልሷን በግጥም ሰጠችውና መድበሉ በ1960 ወጣ። በ1967 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘች፤ ከታመሙ አንባቢዎችም ደብዳቤ ይጎርፍላት ነበር። በ1974 ራሷን አጥፍታ ሞተች። ስለዚህ ግጥም ያድናል ብዬ የምሰብክ ሰው አይደለሁም። መድኃኒት ሻጭ ነኝ።

ዳያስፖራው ለእንዲህ ያለ ግጥም የሚሰጠው መልስ ግን አዳራሽ ውስጥ አይገኝም። ገጣሚዋ ራሷ ከማንበቧ በፊት ነግራን ነበር፦ አደባባይ ላይ ዝም የሚሉ ሰዎች ሌሊት ሌሊት በስልኳ ይጽፉላታል። ከመልእክቶቹ የሚበዙት የሚጀምሩት «ለጓደኛዬ ነው እንጂ…» ብለው ነው። ይህን ስትል ብቻዬን ሳቅሁ፤ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ገላመጠችኝ። የሳቅሁት ስለማውቀው ነው። የምሠራበት ፋርማሲ ሐበሻ ከሚበዛበት ሰፈር አርባ ደቂቃ ያህል ይርቃል፤ ሆኖም መዝገባችን ላይ የሐበሻ ስም ሞልቷል። ምክንያቱ እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ። ያን ሁሉ መንገድ የሚነዱት የዚህን ሕመም መድኃኒት ሲገዙ ሐበሻ እንዳያያቸው ነው። መጥተው እኔን ያገኛሉ።

ፊቴን አይተው ወረፋቸውን ጥለው የወጡ አሉ። ከመኪና ሳይወርዱ መድኃኒት በሚወሰድበት መስኮት፣ እኔ በማልገባበት ቀን የሚመጡም አሉ። መጥተው የሚያናግሩኝ ደግሞ «ለእህቴ ነው» ይላሉ፤ ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው የገዛ ስማቸው ነው። እኔም እቀበላለሁ። «ለእህትሽ ንገሪያት» እላለሁ፣ «ሰርትራሊን እንደ ራስ ምታት ክኒን አይደለም፤ እስኪሠራ አራት ሳምንት፣ ስድስት ሳምንትም ሊወስድ ይችላል። በሁለተኛው ሳምንት አልሠራልኝም ብላ እንዳትጥለው። ሐኪሟንም ሳታማክር በአንዴ እንዳታቋርጥ።» እሺ፣ እነግራታለሁ ትለኛለች። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሂፓ የሚባለው የአሜሪካ ሕግ የደንበኛን ምስጢር እንዳላወጣ አፌን እንደለጎመው ብነግራቸውም አያምኑም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ሐበሻን አያውቁትም ያለኝ ሰው አለ፤ ምን ብዬ ልመልስለት?

ለገና አዲስ አበባ ስገባ ግጥሙን ይዤው ሄድኩ። ያደግሁት መርካቶ አካባቢ፣ ከአማኑኤል ሆስፒታል ብዙ ሳንርቅ ነው። ሆስፒታሉ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለነበር ስሙ ስድብ ሆኖ ቀርቷል። ታክሲ ውስጥ «አማኑኤል ጋ ወራጅ አለ» ማለት እያፈርኩ አንድ ፌርማታ አልፌ የምወርድበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ሕክምናው በሌሎች ሆስፒታሎችም ይሰጣል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን በአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት አድርጎ ማሠልጠን የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት የሚማሩት ውጭ አገር ነበር። ስድቡ ከሕክምናው በፊት ነው የደረሰን ማለት ነው።

ግጥሙን አክስቴ ቤት ሳነበው ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው የአክስቴ ልጅ ስልኩን ሳይለቅ «ደባሪ ግጥም ነው» አለ። መጀመሪያ ከልቡ ገባው ብዬ ነበር። ለካ አልጣመኝም ማለቱ ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ፊልሙም ይደብራል፣ አስተማሪውም ይደብራል፣ ዝናቡም ይደብራል። ባለሙያዎቹ «ድብርት»ን ትተው «ድባቴ» ማለት የጀመሩት እውነታቸውን ነው። የቀድሞው ቃል በየታክሲው ሲዘረዘር አልቆ ከባዱን ነገር የሚሸከምበት ጉልበት አላገኘም። ድባቴ ደግሞ ገና የሬዲዮ ቃል ነው፤ ሰው ታሞ «ድባቴ ይዞኛል» ብሎ ለእናቱ ሲናገር አልሰማሁም።

አክስቴ (እትዬ ነው የምላቸው) ምስር እየለቀሙ ነበር። «ጠበል ይውሰዷት» አሉ መጀመሪያ፤ ጠብቄው ነበር። ቆየት ብለው ግን ቀና ሳይሉ እንዲህ አሉኝ፦

«ሦስተኛውን የወለድኩ ጊዜ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስንት ወር ተኛሁ መሰለህ። ልጁን እንኳ አምጡልኝ አላልኩም። ማን ሞቶብኝ ነበር? ማንም።»

«ሰዎቹ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ። ከፍቷታል አሉ። ጠዋት ጠዋት እየመጡ ቡናቸውን አልጋዬ ሥር ያፈሉ ነበር። እኔን አያዋሩኝም። እርስ በርስ ነበር የሚያወሩት፤ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ቀበሌ።»

ይህን ሰምቶ አገር ቤት ገነት ነው ብሎ የሚጽፍ ዳያስፖራ አይጠፋም፤ እኔም እጄ ሊጽፈው ቃጥቶት ነበር። ግን እዚያው ግቢ ከጓሮ በኩል ዓመታት ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የኖረ ጎረምሳ ነበረ። እኛ ልጆቹ በአጥር ቀዳዳ እያየን ድንጋይ እንወረውርበት ነበር። የጎረቤቶቹ ቡና እስከሱ አልደረሰም። ለእትዬ ባነሣባቸው «እሱማ ለየለት» አሉና ዝም አሉ።

ሰፌዱን አንዴ ነፋ ነፋ አደረጉት።

«ልጅቷ ጋ ታዲያ ማን ነው የሚያፈላው?»

ስለ 988 ነገርኳቸው። በማንኛውም ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ የሠለጠነ ሰው ያነሣል አልኳቸው።

«ይመጣል?»

«ብዙውን ጊዜ በስልክ ነው እትዬ።»

«አንተስ? እዚያው ነበርኩ አላልክም? ምን አልካት?»

የማታ ተራ ስለነበረብኝ ሻይው ሳያልቅ ወጣሁ አልኳቸው።