ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ትንሽ ድግስ የሚባል ነገር የለም። ትንሽ ድግስ ብሎ የጀመረ ሰው ሞልቷል። ትንሽ እንደሆነ የጨረሰ ግን እስካሁን አላየሁም። "ኧረ እኛው ለእኛው ነን፣ የቅርብ ቤተሰብ ብቻ ነው" ሲባል ከሰማችሁ፣ ቢያንስ ሁለት በግ መታረዱን እወቁት።

ጣጣው የሚመጣው ከዝምድና ቆጠራችን ነው። የመንዝ ሰው ሲዛመድ አያት ላይ አይቆምም። ቅድመ አያት ይላል፣ ምንዥላት ይላል፣ እንጅላት ይላል። ሰባት ቤት ሳይደርስ አይመለስም። ድሮ ለዚህ በቂ ምክንያት ነበረው። ርስት የሚገኘው በዘር ነው። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው "አቅኚ አባት" ይባላል። ከእሱ መወለዱን ቆጥሮ ማሳየት የቻለ፣ ድርሻዬን ብሎ ይሟገታል። ዘሩን መቁጠር ያልቻለ አርፎ ይቀመጣል። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ታወጀ። ርስቱም ቀረ፣ ሙግቱም ቀረ። ቆጠራውስ የት ይሂድ? ወደ ድግስ ዞረ። ዛሬ የቅድመ አያትህ ወንድም ዘር መሆኑን ቆጥሮ ያረጋገጠ ሰው ድርሻውን የሚጠይቀው ከወጡ ነው።

ወንድሜ ደብረ ብርሃን ይኖራል። የመጀመሪያ ልጁ አንድ ዓመት ልትሞላ ስትል፣ እሱና ሚስቱ ማታ ቁጭ ብለው 12 ሰው ጻፉ። ኬክ፣ ለስላሳ፣ ጥቂት ፊኛ፣ ፎቶ፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ። ጥሩ ዕቅድ ነበር። ወረቀቱን ለእማዬ አሳዩዋት።

እማዬ መነጽሯን አድርጋ አነበበችውና "እትዬስ?" አለች። እትዬ የአባታችን ታላቅ እህት ናቸው። እሳቸው ከተጠሩ ልጆቻቸው አይቀሩም። ልጆቻቸው ከመጡ የልጆቻቸው ባሎች ምን ሆነው ይቀራሉ? ክርስትና እናቷ ቀድማ ተጽፋለች፤ እሷ ከመጣች ግን አብረዋት የማርያምን ማኅበር የሚጠጡት ይሰማሉ። የነፍስ አባት ሳይኖሩስ ማን ይባርካል? የእድሩ ዳኛ ደግሞ በራፍ ላይ ሲያልፉ በጉን ያዩታል። ወረቀቱ ተገለበጠ። ጀርባውም ሞላ።

በስልክ መጥራትም አይበቃም። በስልክ የተነገረው ሰው "ሰማሁ" ይላል እንጂ "ተጠራሁ" አይልም። ቤቱ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ከሄዱ ደግሞ ቡና ሳይጠጡ መነሳት ነውር ነው። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው። ወንድሜ የልጁን ልደት ጥሪ ሲያደርስ ሰነበተና እንቅልፍ አጥቶ ተመለሰ። ለምን ይህን ሁሉ? ብዬ ብጠይቀው "እንዳይቀየሙ" አለኝ። እውነቱን ነው። ግማሹን ድግስ የምንደግሰው ደስ ብሎን ነው። ግማሹን ቅያሜ ፈርተን ነው። የትኛው ግማሽ እንደሚበልጥ አልናገርም፣ ዘመዶቼ ያነቡታል።

ቀኑም ራሱን የቻለ ራስ ምታት ሆነ። ልጅቷ የተወለደችው ታኅሣሥ 3፣ በባዕታ ነው። እትዬ ስለ ልደት የሚይዙት ይህንኑ ነው። የራሳቸውን ሲጠየቁ "የሚካኤል ማግስት፣ ገብሱ ሲታጨድ" ይላሉ። ዓመተ ምሕረቱን የጠየቀ አያገኝም። ታኅሣሥ 3 ታዲያ የነቢያት ጾም መሐል ነው። ጾሙ ኅዳር 15 ገብቶ የሚፈታው በገና ነው።

"የጾም ኬክ እናዛለን" አለች የወንድሜ ሚስት።

"የጾም በግስ አለ?" አሉ እትዬ።

ልደቱ ወደ ጥር ተገፋ። ጥር ደግሞ ጥምቀት አለ። ከጥምቀት ወዲያ ሠርግ ነው፤ ቅዳሜና እሁዱ ሁሉ በጥሪ ካርድ ተይዟል። ከዚያ የነነዌ ጾም ይመጣል። ከዚያ 55ቱ የሁዳዴ ቀናት። በዚህ አያያዝ ልጅቷ የአንድ ዓመት ልደቷን ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ልታከብር ነበር። ጳጉሜን 6 ያልተወለደችው በእግዜር ቸርነት ነው። ያ ቀን በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ብቻ ነው የሚመጣው። ይህን ለወንድሜ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና "ወጪ ይቀንስ ነበር" አለኝ።

በመጨረሻ ቀኑን የቆረጠው ጠላው ነው። እትዬ ማንንም ሳያማክሩ ጌሾ ወቅጠው ጠንስሰዋል። ብቅሉ ገባ። ገብሱ ተቆልቶ ተፈጨ፣ እንኩሮው ታመሰ፣ ድፍድፉ ጋን ውስጥ ተቀመጠ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ሰሞን ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል። ጠላውም እንደ ሰው ይበርደዋልና ቶሎ አይፈላም። ከተማዋ ብርድ ልብስ በመሥራት የታወቀች ናት። በቤታችን አዲሱን ብርድ ልብስ የለበሰው ግን ጋኑ ነው። እትዬ ጠዋት ጠዋት ጆሯቸውን ጋኑ ላይ ያስጠጋሉ። "ገና ነው" ይላሉ። አንድ ማለዳ ቀና ብለው "ደርሷል" አሉ። በቃ፣ ልደቱ ቅዳሜ ነው ማለት ነው። ኬክ ቤቱም፣ ፎቶ አንሺውም በጠላው ቀን ተሰለፉ።

መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን ስለነበር፣ ተመስገን ነው፣ የቀረ ሰው የለም። የሸዋ ሮቢቱ ዘመዳችን በሸሚዝ መጣ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ከዚያ ተነስቶ በደብረ ሲና ሽቅብ ወጥቶ፣ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ደርሶ፣ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ ነው የመጣው። ከዋሻው ሲወጣ ጥርሱ መንገጫገጭ እንደጀመረ ነገረን። ስጦታው አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት ነው። ፎቶዎቹ ላይ የለም። ጥግ ላይ በሁለት ጋቢ የተጠቀለለ ነገር ካያችሁ እሱ ነው።

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ደግሞ አጎታችን ጋሼ ባናቸውን ደርበው መጡ። ስጦታቸውን ቆመው ተናገሩ። "ለልጄ አንዲት ሴት ግልገል ሰጥቻታለሁ!" ጭብጨባው ቀለጠ። ግልገሏ የታለች? መንዝ ናት። እዚያው ጋሼ ዘንድ ትረባለች። ለክርስትናዋም አንዲት ሰጥተዋት ነበር፣ እሷ ወልዳለች። ልጅቷ ገና ሳትቆም ባለ መንጋ ሆናለች። እኔ የሰጠኋት በባትሪ የሚዘፍን ዳክዬ ነው።

ምሽት ላይ ኬኩ ገባ። አንድ ሻማ ተተክሎ በራ። ወዲያው መብራት ጠፋ። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ወረደባት በሚባልላት ከተማ፣ ቤቱን የምታበራው ያቺው አንድ ሻማ ሆነች።

"በይ እፍ በያት!" አለ አንዱ።

"ምን?" አሉ እትዬ። "ያለችንን ሻማ?"

ክርክር ተነሳ። እትዬ እንዲህ ያለ ጉድ ሰምተው አያውቁም። ሻማ ተበርቶ ይጸለይበታል እንጂ ሰው ሰብስቦ እፍ ይባላል ወይ? የነፍስ አባታችን አስታራቂ ሐሳብ አመጡ። ሳይጠፋ በፊት ጸሎት ይደረስ አሉ። ጸሎቱ ረዘመ። ምርቃቱ ከጸሎቱ ረዘመ። ሻማዋ ቀልጣ ክሬሙ ውስጥ ገባችና ራሷ ጠፋች። በስልክ መብራት ሌላ ሻማ ተፈልጎ ተተከለ። በመጨረሻ ልጅቷ እፍ አለች። ከትንፋሹ ምራቁ በለጠ።

"እንግዲህ ይሄንን ነው የምንበላው?" አሉ እትዬ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው።

ይህን እንዳሉ ልጅቷን ብድግ አደረጓትና "እደጊ! ተመንደጊ! እንትፍ! እንትፍ!" ብለው ከግንባሯ እስከ አገጯ መረቋት። ግማሹ ኬኩ ላይ አረፈ። ስለዚህኛው ማንም አልተነፈሰም። ምርቃት ነዋ።

ጋሼ የደረሳቸውን ቁራሽ መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላብጠው አዩት። "መቅመሻዋ ናት?" ብለው ጠየቁ። አዎ ተባሉ። ዱለቱ ሲቀርብ ፊታቸው ፈካ። አሜሪካ ያለችው የአክስታችን ልጅ በቪዲዮ ደወለችና ስልኩ ከሰው ሰው ሲዞር አመሸ። ሁሉም "ይሰማሻል?" አላት፣ እሷም ለሁሉም "ይሰማኛል" አለች። ሌላ የተወራ ነገር የለም።

አዲሱን በዓል የምጠላ እንዳይመስላችሁ። እኔን የከበደኝ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ቦታ አለመልቀቁ ነው። ድሮ ነፍሰ ጡር "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" ትባልና ነገሩ ያልቃል። ሲወለድ ገንፎ ይገነፋል፣ አራስ ይጠየቃል። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ይነሳል። አሁን ይሄም አለ፣ ቤቢ ሻወርም አለ። ሳይወለድ መደገስ እትዬን ያስደነግጣቸዋል፤ የፊኛውን ቀለም አይቶ ወንድ ወይ ሴት የማለቱ ነገር ደግሞ ያስቃቸዋል። በእሳቸው ቀዬ የእልልታውን ቁጥር የሰማ ጎረቤት አጥር ሳይሻገር ያውቃል። ፊኛም አይነፋም፣ አዳራሽም አይከራይም። የመዋዕለ ሕፃናት ምረቃማ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ካባ ለብሳ፣ ባርኔጣዋ ዓይኗ ላይ ወርዶ፣ ጫማዋን ማሰር የማትችል "ምሩቅ" አይቻለሁ። ለእሷም በግ ታርዷል። ዩኒቨርሲቲ ስትጨርስ ምን ሊታረድ እንደሆነ እንጃ፣ የጅሩ ሰንጋ ሳይሆን አይቀርም።

ሰኞ ጠዋት ነው። እንግዳው ተሸኝቶ አላለቀም። የሸዋ ሮቢቱ ሰው "ፀሐይ ትውጣና" እያለ እዚያው ነው። እትዬ ቡና ይቆላሉ። ልጅቷ የረከቦቱን ጫፍ ይዛ ትንጠላጠላለች። 13 ወር ሆኗት አልቆመችም ነበር፤ እትዬ "ብርዱ ነው ጉልበቷን የያዘው" ሲሉ ሰንብተዋል። ድንገት ረከቦቱን ለቀቀች። ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ሆዷን ነፍታ፣ አንድ እግሯ ካልሲ ለብሶ አንዱ ባዶውን፣ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!" ብለው እትዬ ጮኹ። ቡናው አረረ። እልልታው ሰፈሩን አዳረሰ። የወንድሜ ሚስት ስልኳን ይዛ ከመኝታ ቤት ስትሮጥ ልጅቷ ተቀምጣለች።

"እስቲ ድገሚው የኔ እናት!"

አልደገመችም። አንድ ቤት ሙሉ አዋቂ መሬት ተንበርክኮ ለመናት። የሸዋ ሮቢቱ ሰው ከነጋቢዎቹ በጉልበቱ ዳኸላት። ዳክዬው እንዲዘፍን ተደረገ። ልጅቷ ዳክዬውን አየችና አፏ ውስጥ ከተተችው።

እኩለ ቀን ሳይሆን ስልክ ጮኸ። ጋሼ ናቸው፣ ከመሐል ሜዳ። እሁድ ነበር የተመለሱት። ወሬው በምን እንደደረሳቸው የገባው ሰው የለም። ፎቶ የለ፣ ቪዲዮ የለ። ድምፃቸው ከብዷል።

"ልጄ ስትቆም ለእኔ አይነገረኝም?"

"ኧረ ጋሼ፣ ድንገት እኮ ነው የቆመችው" አለ ወንድሜ።

"የሸዋ ሮቢቱ ነበረ አሉ።"

"እሱማ ብርዱ ይዞት ነው እንጂ..."

"እኔ ነኝ ባዳው!" ብለው ዘጉት።

እማዬ ወዲያው ነጠላዋን አስተካክላ ሽማግሌ መምረጥ ጀመረች። የነፍስ አባታችን አሉበት። የእድሩ ዳኛ አሉበት። እኔም የመኪናውን ኪራይ ለመክፈል ተጨምሬያለሁ። ቅዳሜ ማለዳ ወደ መንዝ እንወጣለን ተብሎ ተቆረጠ። ይህን የሰሙት እትዬ "ለእርቅ ባዶ እጅ አይኬድም" ብለው ጌሾ መውቀጥ ጀመሩ። ጠላው ለቅዳሜ አይደርስም። ስለዚህ እርቁ ለተከታዩ ቅዳሜ ተላልፏል። ጋሼ የዘገየንበትን ምክንያት ስላልነገርናቸው፣ ቅያሜያቸው በየቀኑ እየጨመረ መሆኑን ሰምተናል።