እርማት፦ ቀይ ሲሊኮን የማኒፎልድ ጓርኒሲዮንን አይተካም

የቆየች ላንድ ክሩዘር ጠዋት ስትነሳ «ጭክ ጭክ» ካለች ጓርኒሲዮኑን (በማኒፎልዱና በሞተሩ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ሳይቀይሩ ማኒፎልዱን (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበውን ብረት) ቀይ ሲሊኮን ቀብቶ ማጥበቅ ይበቃል የተባለው ስህተት ነው። ቀዩ ሲሊኮን የሚችለው ቢበዛ ወደ 340 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጭነት ይዛ ከአዲስ አበባ በእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ስትወጣ ማኒፎልዱ ከ500 ሊያልፍ ይችላል፤ ሲሊኮኑ ተቃጥሎ ይረግፋል።

ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ መጥፋቱም «ተሻላት» ማለት አይደለም፤ ብረቱ በሙቀት ተለጥጦ ጭሱ የሚያፈተልክበትን ክፍተት ለጊዜው ስለደፈነው ነው። (ድምፁ የፑንተሪያ፣ ማለትም የቫልቭ መግፊያው ነው ብሎ ቫልቭ የሚያስተካክልም አለ!) ሞተሩ ሲበርድ በእጅ ባትሪ አብርታችሁ እዩት፤ ማኒፎልዱ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) በሚገናኝበት ጠርዝ የጥላሸት ጭረት ካለ የሚያፈሰው እዚያ ነው።

ማኒፎልዱን የያዙት ዳዶዎች ላይ ማታ ዝገት ማላቀቂያ ንፉና ጠዋት ቀስ ብላችሁ ፍቱ። በጉልበት ከሆነ ቡሎኑ ቴስታታ ውስጥ ተቆርጦ ይቀራል፤ ያ ሌላ ጣጣ ነው። ከዚያ የማኒፎልዱን ፊት አጽድታችሁ የብረት መስመሪያ አጋድሙበት። ከሥሩ ብርሃን ካሳለፈ ጠሟል፤ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላግበት ቤት) ወስዳችሁ ሳይላግ አዲስ ጓርኒሲዮን ብታስገቡም ያው ይቃጠላል። ስታስሩ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር። ጥቂት ከተነዳች በኋላ ስትበርድ ማጥበቁ አንዴ ይደገም።

እስክትሠራ መስኮት ዘግታችሁ አትንዱ፤ በሚያፈተልከው ጭስ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም።